እስከ መጨረሻው የሚደመጥ

ጥቅምት 12

ለተከበሩ ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም እትዬንም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ ሥራ ከሚያጣድፈኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ተመስገን።

ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ስል «ጉዳይ ቢኖራት ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፣ ጉዳይ አለኝ። እርስዎ የእናቴ የአክስት ልጅ ነዎት፤ ሌላው ሰው ይህን ሩቅ ዘመድ ይለዋል። እኔ ግን ከዘመዶቼ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ከእርስዎ የሚቀርበኝ ሰው አጣሁ።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ ሰዎች የሚቆዩበት ክፍል አለ። ተራው እስኪደርስ ሁሉም የነጠላ ጫማውን ጫፍ እያየ ጣቱን ሲያፍተለትል ይቆያል። የኛ ሥራ እነዚህን ሰዎች ያለ ተጨማሪ መድኃኒት፣ በድምፅ ብቻ ማረጋጋት ነው። ራሳቸው ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ለጥፈን የአንጎላቸውን ሞገድ በስክሪን እናያለን። የተጨነቀ ሰው ሞገድ የተዘበራረቀ ነው፤ ዘና ሲል ግን ረጋ ያለ፣ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ይወጣል። አንጎል ደግሞ እኩል የሚመታ ድምፅ ሲሰማ አብሮ የመምታት ጠባይ አለው። ስለዚህ በዚያው ልክ የሚርገበገብ ድምፅ እናሰማዋለን፤ ሞገዱም ይከተላል።

ችግሩ ሰው አይችለውም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሄድፎኑን አውልቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና «ልጄ፣ ጭንቅላቴን ንብ ቀፎ ውስጥ ከምትከቺው ፍርሃቴን ተይልኝ» አሉኝ። ያማረ ሙዚቃ ስንከፍትላቸው ደግሞ ደስ ይላቸዋል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። የሚሠራው አይደመጥም፣ የሚደመጠው አይሠራም።

አለቃዬ እስከ ግንቦት ጊዜ ሰጥታናለች። እስከዚያ ካልተሳካ ክፍላችን ይዘጋል፤ እኔም ዕቃዬን እሸክፋለሁ። ሙዚቃውን እርስዎ እንዲያቀናብሩልኝ እፈልጋለሁ፤ ክፍያም አለው።

ከዚህ ጋር አንድ ድምፅ ልኬአለሁ። በሄድፎን ያድምጡት። በግራ ጆሮ አንድ ድምፅ፣ በቀኝ ደግሞ ከሱ ትንሽ ቀጠን ያለ ሌላ ድምፅ ይገባል። ሁለቱ ጭንቅላት ውስጥ ሲገናኙ በየትኛውም በኩል ያልነበረ ትርታ ይፈጠራል። አለቃዬ የምትመካበት ብልሃት ነው፤ ምን እንደሚሰማዎት ይንገሩኝ።

እናቴ ደግሞ ሙዚቃ የሚያቀናብሩለትን ባንድ ትተዋል አለችኝ። እውነት ነው? የከፋዎት ነገር አለ?

አክባሪዎ
ሚዛን

*

ጥቅምት 30

ለውድ ልጄ ለሚዛኔ፣

እንደምን አለሽልኝ? ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ፤ የጀመርሽውንም ያስጨርስሽ። እትዬሽ ስምሽን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን አቁማ «ያቺ ሁለት ሙዝ በሁለት እጇ ይዛ የቱ ይከብዳል የምትለው ልጅ ናት?» አለች። ስምሽን ያወጣችልሽ እሷ መሆኗን ረስታዋለች። ሳምልኝ ብላለች።

እኛ ደህና ነን። ከሳሎኑ ጀርባ ያለችዋን ክፍል ግድግዳዋን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ኪቦርድ አስተምርባታለሁ። ተማሪዎቼ አራት ናቸው። ሦስቱ ወላጆቻቸው የላኳቸው ናቸው፤ አራተኛው የባንክ ሠራተኛ ሲሆን ለሠርጉ አንድ ዘፈን መጫወት ይፈልጋል፤ በያዘው ፍጥነት ግን ለልጁ ሠርግ ቢደርስ ነው።

የላክሽውን ድምፅ አደመጥሁት፤ ደጋግሜ አደመጥሁት። ቀጭን እምምታ፣ «እምም» የሚል ነገር ይሰማኛል፣ አለቀ። ትርታ የሚባል ነገር የለበትም። ልጄ፣ አለቃሽን ጠይቂያት፤ ሰዎቹ ነፋስ ነው እንዴ የሚሸጡልሽ?

ሥራሽን ግን ወድጄዋለሁ። የፈራ ሰው ማረጋጋት ከስንት ሠርግ ይበልጣል። ክፍያውን ለጊዜው ተይው። አንድ ነገር ላኪልኝ፤ ያን ክፍል ራሱን፣ ማንም ሳያወራ፣ በሩ ሲከፈት፣ አልጋው ሲገፋ ቅጂልኝ። ሙዚቃው የሚኖርበትን ቤት ሳላውቅ አልሠራም።

ስለ ባንዱ የጠየቅሽኝ፣ ወንበሩ ጠበበኝ። ሌላ ነገር የለም።

ጋሼሽ

*

ታኅሣሥ 2

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናና ሰላም ከቤትዎ አይጥፋ። እትዬን በጣም ይሳሙልኝ። የባንኩ ሠራተኛ ሠርግ ላይ ሳልጠራ ብቀር አልቀየምም።

እውነቱን ልንገርዎ፤ «ነፋስ ነው እንዴ የሚሸጡልሽ» የሚለው ትንሽ ነክቶኛል። እዚህ ያለነው ሁሉ ትርታውን እንሰማዋለን። ምናልባት ሄድፎንዎ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ልኬልዎታለሁ።

የክፍሉን ድምፅ ሰምተው ያቀናበሩት ሙዚቃ ደርሶኛል። ስከፍተው ከመደርደሪያው ጋር ተደግፌ ቀረሁ። ታማሚዎቹም ወደዱት፤ አንዲት ሴት ከቀዶ ጥገናዋ በኋላ ነርሷን «ያ ዘፈን የት ይገኛል?» ብላ ጠይቃለች። ግን ጋሼ፣ ሞገዳቸው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እኔ አስተማሪው ንብ ቀፎ ያሉትን የሚርገበገብ ትርታችንን ሙሉው ሙዚቃ ላይ ጫንኩበት። ሞገዱ ወዲያው ተከተለ። ሰዎቹም ወዲያው አወለቁ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ሙዚቃውን ቀለል፣ ዜማውን አጠር እንዲያደርጉልኝ ነው። የምጭንበት ቦታ ይኑረኝ። ትርታው ለስላሳ ሲሆን ውጤቱ ይጠፋል፤ ጠንከር ማለት አለበት። ያማረ ነገር ብቻ ይዤ አለቃዬ ፊት ብቀርብ «ኮንሰርት አዘጋጁ አላልኩም» ነው የምትለኝ።



አክባሪዎ
ሚዛን

*

ታኅሣሥ 21

ሚዛኔ፣

ሰላምሽ ይብዛ።

የጫንሽበትን ሰማሁት። ዜማውን ቁጭ አድርገሽ በመዶሻ እየመታሽው ነው። ክላርኔቱ ሰው ሆኖ ቢሆን ኖሮ ይከስሽ ነበር። አስተማሪው ንብ ቀፎ ያሉት እውነታቸውን ነው፤ እኔ ደግሞ ለንብ አላቀናብርም።

የሚለካ ነገር መፈለግሽን አልጠላሁትም። ሰው የማይውጠውን መድኃኒት ግን ብትመዝኚው ባትመዝኚው ምን ይጠቅምሻል? ሁለተኛ ሥራ ልኬልሻለሁ። እንዳለ ከተጠቀምሽበት ተጠቀሚ፤ የሚጫንበት ነገር ካለ ግን ስሜን አውጪው።

ሄድፎኑ ደርሷል፤ አመሰግናለሁ። አሮጌውም ደህና ነበር።

ጋሼሽ

*

ጥር 27

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ። ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ ስላጣሁ እናቴ ጋ ደውዬ ነበር። «ደህና ናቸው፣ ብቻ እንደ ድሮው ሰው ቤት አይሄዱም» አለችኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ስለ ሥራው አይደለም። ቢቆጡኝም ልቀበል ዝግጁ ነኝ።

ሁለተኛውን ሙዚቃዎን ስሰማ አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። ምን እንደሆነ ስላልገባኝ፣ ልጅ እያለሁ እናቴ የምታስደምጠኝን የድሮ የባንዱን ቅጂ አውጥቼ ጎን ለጎን ከፈትኩት። በድሮው ሥራዎ ዐይኔን ስጨፍን እያንዳንዱ ተጫዋች የት እንደተቀመጠ አያለሁ፤ መለከቱ ወደ ቀኝ፣ ክላርኔቱ ወደ ግራ ፈንጠር ብሎ፣ ድራሙ ከመለከቱ ኋላ። በአዲሱ ሁሉም አንድ ወንበር ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። የግራው ድምፅ ከቀኙ አንዳች አይለይም። እርስዎ እንዲህ አድርገው አያውቁም።

ከዚያ መጀመሪያ የላክሁልዎ ድምፅ ትዝ አለኝ። ሄድፎኑን አደረግሁና አንዱን በኩል ከጆሮዬ ላይ አነሳሁት። ትርታው ጠፋ። የቀረው ቀጭን እምምታ ነው፤ ልክ እርስዎ እንደጻፉልኝ። የኛ ብልሃት ሁለቱም ጆሮ ካልሰማ አይሠራም።

ጋሼ፣ የማይሰማዎት የትኛው ጆሮዎ ነው?

ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴም።

ልጅዎ
ሚዛን

*

የካቲት 16

ቀኙ ነው።

ያለ ሰላምታ ጀመርኩ፤ ይቅር በይኝ። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደተውኩት እትዬሽ ታውቃለች። ከሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አሁን ሁለት ሆናችሁ።

ጉንፋን ይዞኝ ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ አንዱ በኩል ተዘግቷል። ይከፈታል ብዬ ጠበቅኩ። ሐኪሙ ኋላ ሲያየኝ፣ ቶሎ ብትመጣ ኖሮ ምናልባት፣ አለኝና ምናልባቱን ሳይጨርስ ተወው። ይኸው ነው። አያምም። ከአንድ በኩል ዓለም ተነሥቶ የሄደ ይመስላል እንጂ።

ባንዱ ልምምድ ላይ መለከት ነፊው ሁልጊዜ በቀኜ ነበር የሚቀመጠው። አንድ ቀን ከየት እንግባ ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔ ዝም። ደግሞ ይጠይቀኛል፤ ዝም። ለካ ሁሉም ቆመው እያዩኝ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለን ብለው ተቀየሙ። እኔ ደግሞ ደንቆሮ አቀናባሪ ከምባል ኩሩ መባልን መረጥኩ። ቀና ብዬ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ወንበሩ ጠበበኝ ያልኩሽ እሱ ነው። ቀሪውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ አንቺ ግን ከሆዴ አወጣሽው።

«ለሰሚው ግራ» ሲሉ ስለኔ የሚያወሩ ይመስለኛል። ዛሬ መሳቄ ነው፤ ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

እንግዲህ ልጄ፣ ሁለት ጆሮ ያለው ሰው ፈልጊ። ቂም አልይዝብሽም። ሥራሽ እንዲሠምርልሽ ከልቤ እመርቅሻለሁ።

ጋሼሽ

*

የካቲት 19

ለተከበሩ ጋሼ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። ስለ ጆሮዎ አዝኛለሁ። ሐዘኔን እዚህ ላይ ልተወው፣ ምክንያቱም የምነግርዎ ሌላ ነገር አለኝ፤ አልቀበልም። ስንብትዎን አልቀበልም።

ስለ ጆሮዎ ከጠረጠርኩ በኋላ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ያለፈውን ሳምንት የጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ይዤ ታማሚዎቹን ብቻ ሳይ ዋልኩ። አንዱ ወደ ጎን ተኝቶ አንድ ጆሮው ትራስ ውስጥ ነው። ሌላዋን ነርሷ ልታነጋግራት አንዱን በኩል ከፍ አድርጋባታለች። አንድ አዛውንት ደግሞ በየትኛው በኩል እንደማወራቸው እየመረጡ ይዞራሉ። ጋሼ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ በሁለት ጆሮው እኩል የሚሰማ ሰው ጥቂት ነው። ብልሃታችን ግማሹን ሰው ገና ከበሩ እየመለሰው ነበር፤ እኛ ደግሞ ስክሪን ላይ አፍጥጠን ሰውየውን አላየነውም።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁና ይህን ነገርኳት። የእርስዎን ምስጢር ሳይሆን ያየሁትን። ተከራከረችኝ፤ በመጨረሻ ግን ራሷ ሄዳ ተቀመጠችና አየች። የሁለት ጆሮውን ብልሃት ትተነዋል። ከእንግዲህ ትርታው ሙዚቃው ራሱ ውስጥ ይሆናል፤ አንድ ጆሮ የሚበቃው፣ በስፒከርም የሚሠራ። ስለዚህ እኔ የምፈልገው ሁለት ጆሮ ያለው ሰው አይደለም። ለእርስዎ የደረሰ ድምፅ ለሁሉም ይደርሳል።

ሌላም አለ። እኔ «ጠንከር፣ ሳያቋርጥ» ስልዎ የነበረው ልክ አልነበረም። እዚህ ባደረግነው ሙከራ ትርታው ለአፍታ ቢቆም ሞገዱ ወዲያው አይበተንም። ዥዋዥዌ ገፍተው ቢለቁት ጥቂት እንደሚወዛወዝ ነው። እንግዲያው ዜማው መተንፈስ የሚፈልግበት ቦታ ላይ ትርታውን ልለቅልዎ እችላለሁ። ቦታው የት የት እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም፤ እዚያ ላይ እርስዎን እጠብቃለሁ።

እምቢ እንዳይሉኝ።

ልጅዎ
ሚዛን

*

መጋቢት 24

ለውድ ልጄ ለሚዛኔ፣

ፀሐይ ይውጣልሽ። እጅሽ አይንጠፍ። እንዴት ነሽ? እኛ ቤት ደህንነት ብቻ ሳይሆን ሁካታ አለ። የባንኩን ሠራተኛ እንኳ ለሁለት ሳምንት አሰናብቼዋለሁ፤ እሱም እጮኛውም ደስ ብሏቸዋል።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሬ ከተማውን ዞርኩ። ከኋላ ወንበር፣ ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ከሥሬ ሲርገበገብ አጠገቤ ያለው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ከሥር የሚመጣ ንቅጥቅጥ ሰው አይከፋውም፣ ያባብለዋል። አንቺ ግን ትርታሽን ከላይ ነበር የምትነሰንሺው፤ ክላርኔቱ ላይ፣ የሰው ፊት ላይ። እኔም ሞኝ ነኝ፤ ጭራሽ አታስገቢ ብዬ ተኮሳተርኩ።

አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ትርታሽን ለቤዙና ወፍራም ድምፅ ላላቸው ባለ ክር መሣሪያዎች ሰጠሁት። መጀመሪያ የለም ማለት ይቻላል፤ ሐረግ በሐረግ እየወፈረ ይሄዳል፤ ሰው ሳያውቀው ተሳፍሯል። ክላርኔቱን ማንም አይነካውም፣ ከላይ ነፃ ሆኖ ይሄዳል። ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጌልሻለሁ፤ እዚያ ላይ ዥዋዥዌሽን ልቀቂው። ደግሞ ዜማው ጥያቄ እንጂ መልስ አይሰጥም። ወደ ቤት ይቃረብና ሌላ መንገድ ያያል። መልሱ ያለው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። መንገደኛን ቤቱ በር ድረስ ወስደሽ ካሳየሽው፣ ሳይገባ አይመለስም።

ትናንት ክፍሌን ከፍቼ በስፒከር አስጀመርኩት። እትዬሽ በወዲያኛው ክፍል ትሰፋለች፤ በቶሎ የሚደርስ ሥራ ይዛ መኪናዋ እየጮኸ ነው። ቆይቶ ዝግ አለ። ቆይቶ ጭራሽ ዝም አለ። ሄጄ ሳያት እጇ ጨርቁ ላይ ነው፣ ዐይኗ መስኮቱ ላይ። «ምነው?» አልኳት። «ምንም፤ ትከሻዬ ወረደልኝ» አለች። አንቺ ስክሪን አለሽ፣ እኔ እሷ አለችኝ።

አንድ ነገር ግን አስቸግርሻለሁ። ተጫዋቾቹን ግራና ቀኝ አስቀምጪልኝ፤ ቀኙን እኔ አላየውም። የድሮውን ቅጂ ስለሰማሽ ማን የት መቀመጥ እንደሚወድ ታውቂያለሽ። ዓይኔን ጨፍኜ አምንሻለሁ፤ ጆሮዬንማ አንዱን አስቀድሜ ጨፍኜዋለሁ።

ጋሼሽ

*

ግንቦት 6

ለውድ ጋሼ፣

እልፍ ሰላምታ ለእርስዎ፣ እልፍ ደግሞ ለእትዬ ትከሻ።

ዛሬ የምሥራች ይዣለሁ። ከመጀመሪያው ልጀምርልዎ።

ሙዚቃውን ከተቀበልኩ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን ያውቃሉ፤ ቤዙን ሁለት ጊዜ አወፈርነው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እርስዎ ተቆጥተው አቀጠኑት። ተጫዋቾቹን እንደ ድሮው አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ሙከራው ተጀመረ። ግማሹ ታማሚ ትርታው ያለበትን ሰማ፣ ግማሹ ያንኑ ሙዚቃ ያለ ትርታ ሰማ። ማን የቱን እንደሰማ እኔም ሆንኩ ነርሶቹ አናውቅም ነበር። ራሴን እንዳላታልል ሆን ብዬ ነው እንዲህ ያደረግሁት።

የማደንዘዣ ሐኪሙ ከመጀመሪያው የማያምንበት ሰው ነው። «ሙዚቃ ለቡና ቤት» ይል ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ሴት ገባች። ስትመጣ ብዕሩ ከእጇ እየወደቀ ፎርሙን መፈረም አቅቷት፣ እጇን ነርሷ ይዛ ነው ያስፈረመቻት። ሄድፎኑን አደረግንላት። ተራዋ ሲደርስ ሐኪሙ ራሱ መጣና ስሟን ጠራ። ዐይኗን አልገለጠችም። አንድ ጣቷን ብቻ ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሳችና አለች፦

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ ሊያልቅ ነው።»

ጋሼ፣ ቆመን ጠበቅናት። ሐኪሙ፣ እኔ፣ አልጋ የሚገፋው ሰውዬ፣ ሁላችንም እንደ ተማሪ ተሰልፈን የእርስዎ ክላርኔት ቤቱ እስኪገባ ጠበቅን። ሲያልቅ ሄድፎኑን ራሷ አወለቀችና «በሉ እንሂድ» አለች፤ የምትሄደው ገበያ ይመስል።

በዚህ ሳምንት ምስጢሩ ተከፈተ፤ ማን የቱን እንደሰማ አየን። ያለ ትርታ የሰሙት ደስ ብሏቸዋል፣ ሞገዳቸው ግን ብዙም አልተለወጠም። ትርታው ያለበትን የሰሙት ሞገዳቸው ተከትሏል፣ የሚያረጋጋ መድኃኒትም ያነሰ ነው የወሰዱት። ሙዚቃው ደስ ማሰኘቱም አልቀነሰም፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም እስከ መጨረሻው አደመጡት። እሱ ነበር ያልቻልነው። የጋጋሪዋን ስናይ፣ ትርታው ያለበት ሆኖ ተገኘ።

አለቃዬ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። እንደ ልማዷ ስህተት ፈለገች፣ አጣች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ዘጋችና አቀፈችኝ። ክፍላችን አይዘጋም። እንዲያውም ሐኪሙ ለእሱ ክፍልም እንዲገባለት ጠየቀ፤ ቡና ቤቱን ሳነሣበት ሳቀና እጁን ሰጠ።

ቅንብሩ ላይ ስምዎ ይጻፍ ወይ ብላኛለች አለቃዬ። እኔ ከላይ፣ ከሁላችንም በላይ ብያለሁ። ያውጡት ካሉ ግን አሁንም ቃልዎ ቃል ነው።

ልጅዎ
ሚዛን

*

ግንቦት 23

ለኩራቴ፣ ለልጄ ለሚዛኔ፣

ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ። ጠላትሽ ይፈር፣ ወዳጅሽ ይኩራ። ይህን ምርቃት ከኔ ጋር ሆና የጻፈችው እትዬሽ ናት፤ ጠላት ማን እንደሆነ ስጠይቃት «ይኖራል፣ አይጠፋም» አለችኝ።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጋጋሪዋ ጣቷን ያነሳችበት ጋ ስደርስ ያንኑ መስመር እየደጋገምኩ ባስቸግራት ወረቀቱን ተቀብላ እሷ ጨረሰችው።  በዚህ ዕድሜዬ፣ በሕይወቴ አይቻት የማላውቃት ሴት ሐኪም አስቁማ ሥራዬን አደመጠችው። ከዚህ በላይ ምን ጭብጨባ አለ? ስሜን ጻፊው። ከላይ ቢሆንም ከታች ቢሆንም ግድ የለኝም፣ ብቻ በደማቁ ይሁን።

አሁን ደግሞ እኔ የማወራልሽ አለኝ።

ደብዳቤሽ በመጣ በሁለተኛው ቀን ልብሴን ቀየርኩና ባንዱ ወደሚለማመድበት አዳራሽ ሄድኩ። ካየኋቸው ቆይቷል። በሩ ላይ ቆሜ ልመለስ ነበር፤ እግሬ ግን ቀድሞኝ ገባ። ልምምዱን አቆሙ። መለከት ነፊው አየኝና ፊቱን ወደ ኖታው መለሰ፤ ተቀይሟል፣ መብቱም ነው።

መድረኩ ጋ ሄጄ እንዲህ አልኳቸው፦ «ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ያኔ ስትጠሩኝ ዝም ያልኳችሁ ንቄአችሁ አይደለም፤ አልሰማኋችሁም። ልነግራችሁ አፈርኩ።»

 መለከት ነፊው መሣሪያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን እንዳስቀየመኝ እያሰበ እንቅልፍ ሲያጣ እንደከረመ ነገረኝ። ሚስቱ ሳትቀር የኔን ስም ስትሰማ ከንፈሯን ትነክስ ነበር አለ። ይህን ሲለኝ ሌሎቹ ሳቁ፤ እሱም መሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ እኔም። የከረመው ሁሉ በዚያ ሳቅ ውስጥ ሟሟ።

በአቀናባሪው ወንበር ላይ የነበረው ወጣት ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። አልቀመጥም ብዬ ተግደረደርኩ፤ ወይ ፍንክች አሉ። ተቀመጥኩ። መለከት ነፊው በቀኜ ነበር፤ ተነሥቶ ወንበሩን ከወለሉ ጋር እያንጫጫ ዞሮ በግራዬ ተቀመጠ። ሳክስፎኑም ተከተለው። ትሮምቦኑም። በቀኜ የነበረው ሁሉ ያለ አንድ ቃል ዕቃውን እየተሸከመ ዞረ።

በመጨረሻ ድራም መቺው ቀረ። እሱ ወፍራም ሰው ነው፤ ከተቀመጠ አይነሳም፣ ሰላምታ እንኳ ራሱን ነቅንቆ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁሉንም አየ፣ ከበሮዎቹን አየ፣ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ተነሣና አንድ በአንድ እያነሳ፣ ሲምባሎቹን በብብቱ እየያዘ፣ ላብ በላብ ሆኖ ድራሙን በሙሉ ከቀኝ ወደ ግራዬ አዞረው። ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። ሲጨርስ ተቀመጠ፣ ዱላዎቹን አነሳ፣ አቀርቅሮ ወደ ደህናው ጆሮዬ ጠጋ አለና «ይሰማል?» አለኝ።

ይሰማል አልኩት።

አራት ቆጠረ፤ ገባን።

ጋሼሽ
አቀናባሪው